ሕዝብ ለምን ሬዲዮውን ትቶ ሹፌሩን ያምናል?

ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬና አክሱም የሚዘልቀው መንገድ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ፣ ዛሪማን አልፎ አዲ አርቃይ ይደርሳል። ከዚያም በማይ ፀብሪ አድርጎ ወደ ተከዜ ይወርዳል። የስሜን ተራሮች እንደ ግድግዳ በቆሙባት በዚህች ትንሽ ከተማ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ከወዲያ ምን ተሰማ?» የሚል ነው። ጥያቄው ለጋዜጠኛ አይቀርብም። የሚጠየቀው የጭነት መኪና ሹፌሩ ነው፤ ረዳቱ ነው፤ ገበያተኛው ነው፤ ከዋልድባ የሚመለሰው መነኩሴ ነው። ሬዲዮው በሻይ ቤቱ መደርደሪያ ላይ እየተናገረ፣ ሰዎች ጀርባቸውን ለሬዲዮው ሰጥተው ሹፌሩን ይከባሉ።

አዲስ አበባ ላይ በሆቴል አዳራሽ የሚሰበሰቡ ምሁራን ይህን ዓይነቱን ነገር ሲሰሙ ፍርዳቸው ፈጣን ነው። «ሕዝቡ ንቃት ይጎድለዋል፤ የሰማውን ሁሉ ያምናል፤ ስለዚህ የሐሰት ወሬ በቀላሉ ያታልለዋል» ይላሉ። ይህ ጸሐፊ ግን በዚህ ፍርድ አይስማማም። እኔ የማውቀው የዚያ መንገድ ሰው የሰማውን ሁሉ የሚያምን የዋህ አይደለም። እንዲያውም ያለ ልክ ተጠራጣሪ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ የሚተርት ሕዝብ የዋህ ሊባል አይችልም። ሐሰት የሚገባበት በር በመጠርጠሩ ውስጥ ነው ያለው፤ ሬዲዮውን ከመጠርጠሩ የተነሣ የሬዲዮው ተቃራኒ የሆነውን ሁሉ ያምናል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት፣ ይህን ጥርጣሬ ማን አስተማረው? የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ የግድ ይላል።

በ1834 ዓ.ም. የስሜኑና የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደብረ ታቦር ላይ ከራስ ዓሊ ጋር ተዋጉ። ድሉ የውቤ ሆነ፤ ራስ ዓሊም ከጦር ሜዳው ሸሹ። ውቤ ድላቸውን በደስታ እያከበሩ ሳለ ከራስ ዓሊ ወገን የነበረ አንድ መኰንን በድንገት ደርሶ ማረካቸው። በዚያች ሰዓት አሸናፊው ሰው ተሸንፌያለሁ ብለው እየሸሹ ነበር፤ ተሸናፊው ደግሞ አሸንፌያለሁ ብለው ግብር ላይ ነበሩ። ወሬ ከፈረስ ቀድሞ በማይሄድበት ዘመን የጦርነት ውጤት የሚወሰነው በጎራዴ ብቻ ሳይሆን ማን ምን መቼ ሰማ በሚለው ጭምር እንደነበረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከዚያም መተማ መጣ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት የድርቡሽን ምሽግ ጥሶ ገብቶ ድሉ ሊጨበጥ ሲል የንጉሠ ነገሥቱ መቁሰል ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ተዛመተ። ሠራዊቱ በጠላት ሳይሆን በወሬ ተፈታ። ንጉሡ ከሞቱ በኋላም አስከሬናቸው ከጠላት እጅ አልዳነም። የኢትዮጵያ መኳንንት ከመተማ የተማሩት ትምህርት ግልጽ ነበር፤ የንጉሥ ሕመምና ሞት ለሕዝብ የሚነገር ዜና አይደለም፤ እንደ ባሩድ ተሸፍኖ የሚቀመጥ ነገር ነው። በእነርሱ ቦታ ሆኖ ላየው ሰው ይህ ሞኝነት አልነበረም። ንጉሡ ከሞቱ ጦሩ ይበተናል፤ ጦሩ ከተበተነ አገሩ ይዘረፋል። ሞትን መደበቅ የመንግሥት ጥበብ ሆኖ የተጀመረው እንዲህ ባለ ምክንያት ነው።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው ዘመን ነገሥታቱና መኳንንቱ የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ይነገራል። አዋጅ የሚያስነግረው ሰው ራሱ እውነቱን ለማወቅ ከነጋሪቱ ይልቅ የእረኛውን ዘፈን ይሰማ ነበር ማለት ነው። ገዢው ራሱ ያላመነበትን መንገድ ተገዢው ቢጠራጠር ምን ይገርማል?

ዐፄ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ በጽኑ ታመሙ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው በይፋ አልታወጀም፤ አስከሬናቸውም በግቢው ውስጥ በምስጢር እንዲቆይ ተደረገ። ሕዝቡ ግን አልተታለለም። በየቤቱ ያውቅ ነበር፤ በአደባባይ ግን አይናገርም። ሁለት ዓይነት እውነት፣ አንዱ የአደባባይ አንዱ የጓዳ፣ ጎን ለጎን መኖር የለመዱት ያኔ ይመስለኛል። ይህ ሕዝብ ነው እንግዲህ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሃይማኖቱን ለውጧልና ከዙፋን ወርዷል የተባለው። ልጅ ኢያሱን በእስላም ልብስ ያሳያል የተባለ ፎቶግራፍም በእጅ በእጅ ዞረ። ፎቶግራፉ ተቀነባብሮ የተሠራ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔን የሚገርመኝ ከፎቶግራፉ እውነተኛነት ይልቅ የቀረበበት ጊዜ ነው። የንጉሡን ሞት ዓመታት ሙሉ ያልተነገረው ሕዝብ፣ በአንድ ቀን አንድ ምስል አይቶ እንዲያምን ተጠየቀ። ብዙዎች አመኑ። የአደባባዩ አንደበት ዘግቶ ሲኖር፣ በጓዳ የመጣ ማንኛውም ነገር ክብደት ያገኛል።

የጣልያንን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። ወራሪው «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የሚል ጋዜጣ በአማርኛ ያሳትም ነበር፤ እንግሊዞች ደግሞ በካርቱም «ባንዲራችን» የሚል አሳትመው ይበትኑ ነበር። ከአዲ አርቃይ በላይ፣ በሊማሊሞ አናት ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣልያን ጦር እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ አልተንበረከከም። አዲስ አበባ ከወራት በፊት ነጻ ወጥታ ባንዲራ ስትሰቅል፣ የጎንደር ሰው ዓይኑ ሥር የሚያየው ገና የጣልያንን መድፍ ነበር። የመሀል አገር ዜና ከዚህ ሰው ኑሮ ጋር ያልተገጣጠመው ያኔም አልነበረም የመጀመሪያው፤ የመጨረሻውም አልሆነም።

ሬዲዮ ከመጣ በኋላ ነገሩ ይሻሻላል ተብሎ ነበር። በወሎ ረኀብ ጊዜ የሆነውን ግን እናስታውስ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ረኀቡን ደብቆ ቆየ፤ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ፊልሙን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲያሳይ ዓለም ሰማ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም በቤተ መንግሥቱ ግብዣና ድሎት ምስሎች እያፈራረቀ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሡ ወረዱ። ፊልሙ እውነት ነበር፤ ረኀቡም እውነት ነበር። የቀረበው ግን ሕዝቡ ማወቅ ስለሚገባው ሳይሆን ለሥልጣን ጊዜው ስለደረሰ ነው። ያ ደርግ ራሱ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን በዓል በታላቅ ወጪ ሲያከብር በሰሜን ሰው በረኀብ እየረገፈ ነበር፤ የአገር ውስጡ ዜና ግን ስለ በዓሉ ነበር። በጥቅምት ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ምስል በቢቢሲ እስኪታይ ድረስ ዝምታው ቀጠለ። የገዛ አገሩን ረኀብ ሁለት ጊዜ ከለንደን የሰማ ሕዝብ የገዛ አገሩን ሬዲዮ ምን ብሎ ይመን?

እኔ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ማታ ማታ ሬዲዮኑን የሚከፍትበት ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ አዲስ አበባን በከፍተኛ ድምፅ፣ ጎረቤት እንዲሰማው ያህል፤ ቀጥሎ የጀርመንን ድምፅና የአሜሪካን ድምፅ በዝቅተኛ ድምፅ፤ በመጨረሻም ድምፂ ወያነን ጆሮውን ለጥፎ። «ከሁሉም ያልተባለውን ፈልግ» ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ የተማርኩት የማዳመጥ ዘዴ በየትኛውም ትምህርት ቤት አይሰጥም። የአዲስ አበባው ሬዲዮ ጀግናው ሠራዊታችን ጠላትን ደመሰሰ ሲል፣ ትልልቆቹ ስለ ድሉ አይወያዩም ነበር፤ የሚያዩት የቦታውን ስም ነው። ድሉ የተገኘበት ቦታ ካለፈው ሳምንት ይልቅ ወደ እኛ የቀረበ ከሆነ ሠራዊቱ እያፈገፈገ ነው ማለት ነው። የድል ዜናው እየተደጋገመ ድሉ ወደ ቤታችን መጣ። በየካቲት 1981 ዓ.ም. የሽሬው ጦር ሲፈታ የነገሩን ሬዲዮው ሳይሆን ተከዜን ተሻግረው፣ ግማሾቹ ባዶ እግራቸውን የመጡት ወታደሮች ናቸው።

የቅኔ አገር ሰው ሰምና ወርቅ መፍታት ስለለመደ ዜናንም እንደ ቅኔ ይፈታል። የተነገረው ሰሙ ነው፤ ወርቁ ከሥር አለ። ይህ ችሎታ በደርግ ዘመን ነፍስ አድኗል። ግን አንድ አደጋ አለው። ሁልጊዜ ወርቅ የሚፈልግ ሰው፣ ወርቅ በሌለበትም ቆፍሮ ያወጣል። ማስተባበያ ሲሰማ «ካስተባበሉማ እውነት ነው» ይላል። ለዚህ ሰው ማስተባበያ ማስረጃ ሆኗል፤ እንዲህ ያለውን ሰው በእውነተኛ ማስተባበያ እንኳ ማሳመን አይቻልም።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስለን አንድ ፈረንሳዊ ልጥቀስ። ማርክ ብሎክ የተባለው የታሪክ ሊቅ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ በምሽግ ውስጥ ኖሯል። በ1921 እ.ኤ.አ. በጦርነት ጊዜ ስለሚወለድ የሐሰት ወሬ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ጋዜጦቹ በሳንሱር ስለታፈኑ፣ በምሽጉ ውስጥ የታተመ ነገር ሁሉ የማይታመን፣ የተወራ ነገር ሁሉ ግን ሊሆን የሚችል ተደርጎ ይቆጠር ነበር ይለናል። በሌላ አነጋገር፣ ማንበብና መጻፍ የሚያውቀው የፈረንሳይ ሠራዊት በሳንሱር ምክንያት ጋዜጣ ወዳልነበረበት ዘመን ተመለሰ። ወሬው የሚፈላባት ቦታ ደግሞ ከየጦር ክፍሉ የመጡ ሰዎች የሚገናኙባት የሜዳ ኩሽና ነበረች። ብሎክ አዲ አርቃይን አያውቃትም፤ ግን መኪና የሚያድርባት፣ ደገኛና ቆለኛ የሚገበያዩባት፣ ስሟን ከትግርኛ ወስዳ በአማርኛ የምትኖር ከተማ ምን እንደምትመስል ከጽሑፉ ውስጥ አገኘኋት። የመንገዱ ሁሉ ኩሽና እርሷ ናት።

ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱር ተነሥቶ የግል ጋዜጦች ሲፈሉ ነገሩ የሚለወጥ መስሎ ነበር። ከእነዚያ ጋዜጦች ብዙዎቹ ወሬና ዜና አይለዩም ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን አንድ ጋዜጣ እየተሳሳተ፣ እየታረመ፣ በአንባቢው እየተመዘነ የሚያድገው በጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ አልተሰጣቸውም። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አዘጋጆች ታሰሩ፤ ጋዜጦች ተዘጉ። በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ሲታፈን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጣቢያውን ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ጋር አነጻጽረው ተናገሩ። ስለዚህ ሰው ወደ ሹፌሩ ተመለሰ።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ደግሞ የ1906ን ታሪክ የደገመ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከአደባባይ ጠፉ። ባለሥልጣናት እያገገሙ ነው፣ ከአዲሱ ዓመት በፊት ወደ ሥራ ይመለሳሉ አሉ። ስለ ጤናቸው የዘገበው «ፍትሕ» ጋዜጣ እንዳይሠራጭ ታገደ። ከውጭ አገር የሚሠራጨው ኢሳት በሐምሌ ሞተዋል አለ፤ መንግሥት ሐሰት ነው አለ። ነሐሴ 15 ቀን ማለዳ ቴሌቪዥኑ ማረፋቸውን ተናገረ። እንደ መንግሥት መግለጫ ያረፉት በዋዜማው ሌሊት ነው፤ ይህ ከሆነ ኢሳት ባወራ ጊዜ በሕይወት ነበሩ። ይህን ልዩነት ግን የሚያስታውስ ሰው አላጋጠመኝም። በሕዝቡ ልብ ውስጥ የቀረው ወሬው ትክክል፣ መንግሥት ውሸታም ሆኖ መገኘቱ ነው። ያ አንድ ክረምት ለወሬ የሰጠው ብድር ለብዙ ዓመታት ሲመነዘር ኖሯል።

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ ልምጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። የኤርትራ ወታደሮች በትግራይ የሉም ተባለ፤ ለወራት «የሉም» ከተባለ በኋላ መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መግባታቸውን በፓርላማ ተናገሩ። በሰኔ መጨረሻ የፌዴራሉ ጦር መቀሌን ለቀቀ። ይህ የተገለጸው «የተናጠል የተኩስ አቁም» ተብሎ ነው፤ ገበሬው የክረምቱን እርሻ እንዲያርስ ታስቦ ነው ተባለ። አዲ አርቃይ ላለ ገበሬ የዚህ ቃል ወርቁ ምን ነበር? ጦር ግንባሩ ወደ አንተ እየመጣ ነው የሚል ነበር። በዚያው ሰሞን የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። መንግሥት ያፈረሰው ሕወሓት ነው አለ፤ ሌሎች ደግሞ የአማራ ኃይሎች ናቸው አሉ። የድልድዩን ፍርስራሽ ሁሉም አየ፤ አፍራሹን ግን እያንዳንዱ እንደ ወገኑ አየ።

በሐምሌ ማይ ፀብሪ፣ ቀጥሎም አዲ አርቃይ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገቡ። ብዙ ሕዝብ ሽቅብ ወደ ደባርቅና ዳባት ተሰደደ። እንዲህ ባለ ሰዓት መረጃ የዐውደ ጥናት ርእስ አይደለም። ያረጀች እናት አለች፤ በሬዎች አሉ፤ ያልተሰበሰበ እህል አለ። ዛሬ ሌሊት እንሂድ ወይስ ነገን እንይ? ሕዝቡ ተረጋግቶ ይቀመጥ የሚለውን የአደባባይ ቃል ያመነ ሰው ተይዞ ሊቀር ይችላል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ሲባል የሆነውን ያውቃልና አያምንም። ስለዚህ የሚሮጠው ሰው ባወራለት ነው። ያ ወሬ ደግሞ ከሚያድነው ነገር ጋር መርዝም ይዞ ይመጣል። ትግርኛ የሚናገር ጎረቤት ሁሉ ሰላይ ነው የሚለው ቃል በዚያው መንገድ ነው የመጣው፤ ለዘመናት ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ በአንድ ማኅበር ጠጥቶ በኖረ ሕዝብ መካከል። «ግንባሩ የት ደረሰ?» የሚለውን በትክክል የነገረህ አፍ «ጎረቤትህ ሰላይ ነው» ሲልህ፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ለይቶ መመዘን ቀላል አይደለም።

ጦርነቱ ካደረሰው ጉዳት ሁሉ እኔን የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በማይካድራ ቢያንስ 600 ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገለጸ። በኅዳር በአክሱም የኤርትራ ወታደሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎችን መግደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘገበ፤ ያው ኮሚሽንም ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን በቅድመ ምርመራው አረጋገጠ። በነሐሴ መጨረሻ፣ ከዳባት አጠገብ በምትገኘው ጭና የትግራይ ኃይሎች ከ100 በላይ ሰዎች መግደላቸውን የአካባቢው ባለሥልጣናት ተናገሩ፤ ሕወሓት አስተባበለ፤ አምነስቲ በጭናና በቆቦ የተፈጸመውን ግድያና አስገድዶ መድፈር በ2014 ዓ.ም. መዝግቦ አወጣ። ከሦስቱ ሁለቱን አጥብቆ የሚያምንና አንዱን «ድራማ ነው» የሚል ሰው ስንት አጋጥሞኛል! አንዱን ብቻ አምኖ ሁለቱን የሚክደውም አለ። አንድ ዓይነት ድርጅት፣ አንድ ዓይነት የአመዘጋገብ ዘዴ፣ አንድ ዓይነት ምስክርነት፤ ሟቹ ማን ነው የሚለው ብቻ እምነትን ይወስናል።

እዚህ ላይም ታሪክ ይመሰክራል። በ1917 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጋዜጦች ጀርመኖች የሙታን ወታደሮቻቸውን ሬሳ እያቀለጡ ስብ ያወጣሉ ብለው ጻፉ። በ1925 የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኦስተን ቻምበርሌን ወሬው መሠረት እንዳልነበረው በፓርላማ ተናገሩ። በ1942 አይሁድ በጅምላ እየተፈጁ ነው የሚል እውነተኛ መረጃ ከፖላንድ ሲደርስ፣ ያን የድሮ ወሬ ያስታወሱ ብዙ ሰዎች «ደግሞ ጀመሩ» ብለው ተጠራጠሩ። ዋሾዎቹ ዋጋውን አልከፈሉም። የከፈሉት በውሸቱ ውስጥ እጃቸው ያልነበረ፣ ስማቸው በሩቅ አገር የማይታወቅ ሰዎች ናቸው። ጭና ላይ ከሬሳ መካከል ተርፎ የሆነውን የተናገረ ገበሬና አክሱም ላይ ልጇን ቀብራ የመሰከረች እናት አንድ ዓይነት ዳኛ ፊት ቆመዋል፤ ዳኛው ሁለቱንም ሳይሰማ የየወገናቸውን ሬዲዮ አስታውሶ ይፈርዳል።

መንግሥት ለዚህ ሁሉ ያዘጋጀው መድኃኒት የጥላቻ ንግግርንና የሐሰት መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። አዋጁ የወጣው ጦርነቱ ከመጀመሩ ወራት በፊት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ደግሞ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለወራት ዘለቀ፤ የደባርቅ ሰው ጎንደር ስላለው ልጁ ለማወቅ እንደገና መናኸሪያ ወርዶ ሹፌር ጠበቀ። በአዋጁ መሠረት በፌስቡክ የጻፈ፣ በዩቲዩብ የተናገረ ሰው ሲከሰስ ሰምተናል። የኤርትራ ወታደሮች አልገቡም እያለ ወራት ሙሉ ሲያስተባብል ከነበረው ባለሥልጣን ሁሉ በዚህ አዋጅ ተጠርቶ የተጠየቀ አንድም ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ ሹፌሮቹም አልሰሙም።